ትል የሌለበት ማሳ

መተማ ቆላ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ባሏ ፈረደ የሞተባት ማንጠግቦሽ ከጥጥ ማሳዋ ጠርዝ ላይ ቆማ፣ የፀረ ተባይ መርጫ በጀርባው አዝሎ ለመጣው ለባሏ ታላቅ ወንድም ለአዛናው መንገዱን ዘግታበታለች።

ማንጠግቦሽ፦ አንድ እርምጃ ወደ ጥጤ እንዳትጠጋ! መርጫውን አውርደው አልኩህ እኮ!

አዛናው፦ ኧረ አንቺ ሴት፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ልርዳት ብዬ ብመጣ እንዲህ ትጮሂብኛለሽ?

ማንጠግቦሽ፦ እርዳኝ ያለህ ማን ነው?

አዛናው፦ ማሳሽ ነዋ! እስኪ እይው። ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል፤ ፍሬውን ጓይ ትል ቦርቡሮ ጨርሶታል። የወንድሜ ልጆች ዘንድሮ ምን ሊበሉ ነው?

ማንጠግቦሽ፦ ትሉ ዛሬ ነው እንዴ የመጣው? አበባው ላይ ሲወጣ፣ ፍሬው ውስጥ ሲገባ በየቀኑ እያየህ ታልፍ ነበር። ዛሬ ምን ተገኘና ነው መርጫ አዝለህ ከተፍ ያልከው?

አዛናው፦ መድኃኒቱን ያገኘሁት ዛሬ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ ዘሩን የሰጡን ባለሙያዎች ነገ ማሳውን ሊያዩ ይመጣሉ ብዬ በነገርኩህ ማግስት?

አዛናው፦ የእነሱ መምጣት ከእኔ መርጫ ጋር ምን አገናኘው?

ማንጠግቦሽ፦ እኔስ የምጠይቅህ እሱን አይደል?

አዛናው፦ ምንም አላገናኘውም።

ማንጠግቦሽ፦ መድኃኒት የተረጨበት ማሳ ውስጥ ወዲያው ሰው አይገባም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ዛሬ ከረጨህልኝ ነገ ሰዎቹ መንገድ ዳር ቆመው አይተው፣ ከንፈራቸውን መጠው ይመለሳሉ። ቅጠል የሚቆርጥ የለም።

አዛናው፦ ቢቆርጡ ባይቆርጡ እኔን ምን ቸገረኝ! ለምን እንደሚቆርጡትም አላውቅ።

ማንጠግቦሽ፦ ትናንት ምሳ ላይ ነግሬህ የለም እንዴ? ቅጠሉን ጨፍልቀው ብልቃጥ ውስጥ ያደርጉትና ቀጭን ወረቀት ይነክሩበታል። ዘሩ ውስጥ የተጨመሩት ሁለቱ ትል ገዳይ ዘረመሎች ካሉ ወረቀቱ ላይ መስመር ይወጣል፤ ከሌሉ ምንም አይወጣም። እንዲያውም ይህን ስነግርህ ጉርሻው ጉሮሮህ ላይ ቀረና ውሃ አምጪ ብለህ ጮህክ።

አዛናው፦ ሽሮው አቃጥሎኝ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፣ አያ አዛናው።

አዛናው፦ አሁን የሽሮ ምርመራ ልትይዢ ነው? እኔማ ከመጀመሪያውም ይህን ዘር አልወደድኩትም። ለአንቺም ነግሬሻለሁ፣ ፈረደ በሕይወት እያለ ለእሱም ነግሬዋለሁ። ትልን ከውስጡ የሚገድል ጥጥ! ትሉን የገደለ ነገር በሬውን ለምን ብሎ ይምራል? ደግሞ አንዱ አልበቃ ብሎ ሁለት!

ማንጠግቦሽ፦ በሬ ሆድ ውስጥ አይሠራም፣ የሚሠራው ትል ሆድ ውስጥ ነው ብለው አስረድተውናል። ስልጠናው ላይ ና ስልህ የበሬ ቀንበር ልጠግን ነው ብለህ ቀረህ።

አዛናው፦ ቀንበሩ ተሰብሮ ነበራ።

ማንጠግቦሽ፦ ሁለት የሆነውም ለክፋት አይደለም። አንድ ብቻ ሲሆን ትሉ እየዋለ እያደረ ይለምደዋል፤ የለመደው ይተርፋል፣ ይራባል። ሁለቱ ተጣምረው ሲገቡ ግን ከአንዱ ያመለጠው በሌላው ይሞታል። በርህ ላይ ሁለት ቁልፍ አንጠልጥለህ እንደማደር ነው፤ ሌባው የአንዱን መክፈቻ ቢያገኝ ሁለተኛው ላይ ይቆማል።

አዛናው፦ ታዲያ ቁልፉ የታለ? ሌባሽ እኮ ቤት ገብቶ፣ ተንደላቆ፣ እራቱን እየበላ ነው!

ማንጠግቦሽ፦ እሱን ነው እኔም የምለው።

አዛናው፦ በቃ ዘሩ ውሸት ነው። አታለሉሽ። ነገ ሲመጡ "አልሆን ሲለኝ ረጨሁት" በያቸውና ይሂዱ። እኔም የቀረውን ላድንልሽ። እስኪ ዘወር በይ።

ማንጠግቦሽ፦ አልዘወርም። ውሸታሙ ዘሩ ይሁን የዘራው ሰው፣ ነገ ይለያል።

አዛናው፦ ምን ማለትሽ ነው?

ማንጠግቦሽ፦ ምንም። መጀመሪያ ይህን ጠርዝ እየው። በወንዙ በኩል ያለው ይህ መስመር ተራ ጥጥ ነው። ከዘሩ ጋር በትንሽ ከረጢት ለብቻው የሰጡን፣ "በዳር ዝሩት፣ መድኃኒት አትርጩበት" ያሉን።

አዛናው፦ ለትል መሬት ቆርሶ የሚሰጥ ሰው በእናንተ አየሁ! እኛ ለሰው የሚሰጥ መሬት አጥተን።

ማንጠግቦሽ፦ አንተ ሳቅብን። ምክንያት አለው። ማሳው ሙሉ በሙሉ የሚገድል ከሆነ፣ በሕይወት የሚቀረው ሁለቱንም የለመደ ትል ብቻ ይሆናል። ያ ቢራቢሮ ሆኖ ከመሰሉ ጋር ከተገናኘ የሚወለደው ሁሉ የማይሞት ነው። እዚህ ዳር ላይ ያልለመደው ሞልቶ ከተገኘ ግን ከእሱ ጋር ይገናኛል፤ ልጆቻቸውም ጥጡን ሲቀምሱ ይሞታሉ።

አዛናው፦ በእግዜር! አሁን ደግሞ ለትል ሽማግሌ ልካችሁ ልታጋቡ ነው?

ማንጠግቦሽ፦ አዎ፣ እናጋባለን። ግን ትሉ መታየት የነበረበት እዚህ ዳር ላይ ብቻ ነበር። አሁን ዳሩን እየው፤ መሃሉን እየው። ምን ልዩነት አለው? ምንም! መሃሉም እንደ ዳሩ ተበልቷል። እኔ መሃይም አይደለሁም፣ አያ አዛናው። መሃሉ ላይ የበቀለው ዳሩ ላይ ከበቀለው ጋር አንድ ዓይነት ጥጥ ነው።

አዛናው፦ ከዳር ተሻግሮ ነው የበላሽ። ትል እግር የለውም እንዴ?

ማንጠግቦሽ፦ ይሻገር፤ ግን ተሻግሮ ከቀመሰ መሞት ነበረበት። ደሞ መሻገር ካወቀ፣ ያንተ ማሳ እዚያ፣ ከድንበሩ ወዲያ ነው። ወደ አንተ መሻገር ለምን አቃተው?

አዛናው፦ ማን አቃተው አለሽ? እኔ ጋ አይደል ሞልቶ የተረፈው! አልቅሼ ነው የከረምኩት።

ማንጠግቦሽ፦ ዛሬ ጠዋት ገብቼ ነበር።

አዛናው፦ የት?

ማንጠግቦሽ፦ ያለቀስክበት ማሳ ውስጥ።

አዛናው፦ በየት በኩል? ዙሪያውን እሾህ አጥሬበት የለም እንዴ!

ማንጠግቦሽ፦ በእሾሁ በኩል። ይኸው ክንዴ፤ ይኸው ቀሚሴ። ተወልጄ ባደግሁበት አገር ጥጡን በግራር እሾህ አጥሮ የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ደብቆ ነው አልኩና ገባሁ። ቅጠሉን እየገለበጥኩ፣ ፍሬውን እየፈለቀቅኩ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ ሄድኩ። አንድ ትል! አንድ ትል ባገኝ ይቅርታ ልጠይቅህ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

አዛናው፦ ደህና አድርገሽ አልፈለግሽማ።

ማንጠግቦሽ፦ አንተ አልረጨህም። ጎረቤቱ ሁሉ መርጫ ተሸክሞ ሲመላለስ፣ ያንተ መርጫ ጎተራ ሥር ዶሮ ተኝቶበት ከረመ። ታዲያ ትሉን ማን ከለከለው?

አዛናው፦ ጸበል ረጭቼበታለሁ።

ማንጠግቦሽ፦ ጸበል?

አዛናው፦ ጸበል። ምነው፣ ጸበል አታምኚም?

ማንጠግቦሽ፦ እንዴት አላምን! ከየትኛው ደብር እንደሆነ ንገረኝና እኔም ሄጄ ላምጣ እንጂ። የወንድምህ ልጆች ጥጥ ሲበላ አይተህ፣ እንዲህ ያለ ጸበል ቤትህ እያለ፣ አንዲት ጣሳ ነፈግኸን?

አዛናው፦ በጸበል አትቀልጂ።

ማንጠግቦሽ፦ የቀለድከው አንተ ነህ። ነገ ሰዎቹ ከእኔም ካንተም ማሳ ቅጠል ቆርጠው ወረቀታቸውን ይነክራሉ። ጸበል መስመር ያወጣ እንደሆነ አብረን እናያለን።

አዛናው፦ የእኔን ማሳ ማን ፈቅዶላቸው!

ማንጠግቦሽ፦ ምን አስፈራህ?

አዛናው፦ ማን ፈራ?

ማንጠግቦሽ፦ የመርጫውን ማንገቻ አሥር ጊዜ ታስተካክላለህ።

አዛናው፦ ከብዶኝ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ አውርደው ካልኩህ ቆየሁ እኮ። ስማ፣ ዘር የተዘራ ዕለት ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ስንቅ ይዤ፣ ሕፃኗን አዝዬ መጣሁ። ከረጢቱን አቅፈህ ቆመሃል። "ዘሩ በመድኃኒት የታሸ ነው፤ አንቺ የምታጠቢ ሴት ነሽ፣ አትንኪው፣ አትጠጊው፣ ዛፉ ጥላ ሥር ሆነሽ ጠብቂኝ" አልከኝ። ይህን ለእኔ ያሰበ ሰው ፈረደ ከሞተ ወዲህ አልነበረም። ልቤ ተነካ። ከጥላው ሥር ሆኜ መረቅኩህ! እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ልጆቼን አባት አልባ አላደረግህብኝም አልኩ። ስመርቅህ አንተ ምን ታደርግ ነበር?

አዛናው፦ እዘራ ነበራ።

ማንጠግቦሽ፦ ምኑን?

አዛናው፦ ጥጥ።

ማንጠግቦሽ፦ የማንን ጥጥ፣ አዛናው?

አዛናው፦ "አያ" ማለቱንም ተውሽው?

ማንጠግቦሽ፦ ተውኩት። ከረጢቴን ወዴት ወሰድከው?

አዛናው፦ ማንጠግቦሽ...

ማንጠግቦሽ፦ ሰርቀኸኛል! የሙት ልጆች ዘር! ሙት ዓመቱ እንኳ ሳይወጣ! እርፍ የሚጨብጥልኝ ወንድ ባጣ፣ ያንተን እጅ እጄ ነው ብዬ ባስጨብጥህ፣ የእኔን ዘር ወደ ማሳህ፣ ያንተን ተራ ዘር ወደ ማሳዬ ገለበጥከው!

አዛናው፦ ሌባ አትበይኝ!

ማንጠግቦሽ፦ ታዲያ ምን ልበልህ? ጳጳስ?

አዛናው፦ ገልብጫለሁ። እሺ፣ ገልብጫለሁ! ግን ሌባ አይደለሁም። ሌባ የሚወስደው መልካም ነገር ነው ብሎ ያሰበውን ነው። እኔ መርዝ ነው ብዬ ነው የወሰድኩት!

ማንጠግቦሽ፦ ምን?

አዛናው፦ መርዝ ነው ብዬ! ገበያ ላይ ሲወራ አልሰማሽም? ይህ ዘር የገባበት መሬት ይመክናል፣ ቅጠሉን የበላ ከብት ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል፣ አገዳው የነደደበት ቤት ልጅ አያሳድግም እያሉ። እንቅልፍ አጣሁ። ይህቺ መሬት ፈረደ ለልጆቹ የተወላት ናት። ሌላ ምን አላቸው? አትዝሪ ብልሽ አትሰሚኝም፣ ፈርመሽ ወስደሻል። እና ምን ላድርግ? መሬት የሚያቃጥል ከሆነ የእኔን ያቃጥል አልኩ። የእኔ ልጆች አድገዋል፣ ከተማ ገብተዋል፤ መሬቱን ዞር ብለው አያዩትም። የአንቺን በምናውቀው ዘር ዘራሁት። ይህ ነው ጥፋቴ።

ማንጠግቦሽ፦ እሰይ፣ እንዴት ያማረ ወሬ! እሾሁን ስታጥር ነው ያጠናኸው?

አዛናው፦ እንደማታምኚኝ አውቅ ነበር።

ማንጠግቦሽ፦ መርዝ ነው ያልከውን ጥጥ እንግዲያ ለምን አጠርከው? መርዝ የሚጠብቅ ሰው አለ?

አዛናው፦ ከብት ገብቶ በልቶ እንዳይሞት ነዋ! የሰው ከብት ቢሞት ማን ይከፍላል? የእኔዋን ላም እንኳ በዚያ በኩል አሳልፌ አላውቅም። የሻረግን ጠይቂያት።

ማንጠግቦሽ፦ ሚስትህ ያንተን ነው የምትናገር።

አዛናው፦ ጥጡን ስታሳሳ የነቀለችውን ችግኝ ለፍየሎቹ ልጣልላቸው ብላ፣ ተቆጥቼ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። አብደሃል ብላ ሰደበችኝ።

ማንጠግቦሽ፦ እሱን ነግራኛለች።

አዛናው፦ አየሽ!

ማንጠግቦሽ፦ ሰውዬው ያረጀ መሰለኝ፣ ለሣር መቃብር ይቆፍራል ብላ ስቃ ነው የነገረችኝ። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

አዛናው፦ ሰርቄሽ ቢሆን ያንን ሁሉ ለፍየሎቼ እነፍግ ነበር?

ማንጠግቦሽ፦ እሺ። ይሁን። አመንኩህ እንበል። መርዝ አለመሆኑን መቼ አወቅህ?

አዛናው፦ ኋላ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ ኋላ መቼ?

አዛናው፦ ሲያብብ። ሁሉም ሰው ትል ትል ሲል የእኔ ላይ ጠፋ። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። ፍሬ ያዘ፤ አልመጣም። ወፎቹም ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣ ምንም አይሆኑም። መሬቱም አልተቃጠለም፤ ሥሩ ላይ አረሙ እንኳ ለምልሟል።

ማንጠግቦሽ፦ ሲያብብ።

አዛናው፦ አዎ።

ማንጠግቦሽ፦ ሲያብብ የእኔ ትል ገና የፀጉር ያህል ነበር። በጣቴ እየፈጨሁ እለቅመው ነበር። ያኔ ብንረጭ ጥጤ ይተርፍ ነበር!

አዛናው፦ አውቃለሁ።

ማንጠግቦሽ፦ አንተ ጋ መጥቼ እዚያው ድንበሩ ላይ አለቀስኩ። "አያ አዛናው፣ ልርጭ ወይስ ልጠብቅ?" አልኩህ። ምን አልከኝ?

አዛናው፦ ተይኝ።

ማንጠግቦሽ፦ ምን አልከኝ?!

አዛናው፦ "ባለሙያዎቹ እንዳሉሽ አድርጊ" አልኩሽ።

ማንጠግቦሽ፦ ባለሙያዎቹ ያሉኝ "ዘሩ ራሱ ይገድለዋል፣ ጠብቂ" ነበር! እኔም ጠበቅኩ። በየማለዳው ቅጠል እየገለጥኩ፣ ዛሬ ሞቶ አገኘዋለሁ እያልኩ። ሴቶቹ ወንዝ ላይ ሲስቁብኝ ቻልኩት። እኔ እኮ ዘሩን አምኜ ነው የጠበቅኩት። አንተ ግን መሬቱ ውስጥ የሚታመን ነገር እንደሌለ እያወቅህ ነው ያስጠበቅኸኝ!

አዛናው፦ አፍ አውጥቼ ልናገር ነበር፣ በፈረደ አጥንት! ስንት ጊዜ ልነግርሽ መጥቻለሁ። ደጅሽ ድረስ መጥቼ ሕፃኗን ስሜ እመለሳለሁ። ምን ልበልሽ? ዘርሽ እኔ ጋ ነው፣ የእኔ አምሯል፣ ያንቺ እያለቀ ነው ልበልሽ? አገሩ ምን ይላል? "የወንድሙን ሚስት ዘረፋት" ነው የሚለው። ለቅሶ ላይ ማን አጠገቤ ይቀመጣል? አፈርኩ፣ ማንጠግቦሽ። አፈርኩና ዛሬ ነገ ስል ትሉ ጨረሰው።

ማንጠግቦሽ፦ ለስምህ ስትል ነዋ!

አዛናው፦ መጀመሪያ ለልጆቹ ነበር።

ማንጠግቦሽ፦ መጀመሪያውን ተወው! የራበው ልጅ በመጀመሪያው አይጠግብም።

አዛናው፦ ምርቱን ውሰጂው። የእኔን ማሳ ምርት። ስትለቅሚም ስታጓጉዢም ቃል አልተነፍስም።

ማንጠግቦሽ፦ ስጦታ መሆኑ ነው? የራሴን ዘር ምርት ልትሰጠኝ?

አዛናው፦ ያንቺ ነው፣ እሺ። ያንቺ ነው አልኩ። ግን ለነዚያ ሰዎች አትንገሪያቸው። በሽማግሌ፣ በቤተ ዘመድ እንጨርሰው። ካሳም በሉኝ፣ ጫማ ስመህ ተነሣም በሉኝ፣ ሁሉንም እሺ እላለሁ።

ማንጠግቦሽ፦ ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? ያንተ አጎት፣ ያንተ የክርስትና አባት። አንተ ጫማዬን ትስማለህ፤ እነሱ "ይቅር በይው፣ ሴት ልጅ ቻይ ናት" ብለውኝ ወደ ቤቴ ይሸኙኛል። ለሰዎቹ ካልተነገራቸው ደግሞ የእኔ ቅጠል መስመር ሳያወጣ ሲያዩ "ዘሩ አልሠራም" ብለው ጽፈው ይሄዳሉ፤ በሚመጣው ዓመት ለዚህ ቀበሌ ዘር የለም። መንደሩ ሁሉ የኔን ማሳ አይቶ ነው የሚወስን። ያንተን ያላየው ሰው ሁሉ ውሸት ይዞ ነው የሚቀረው።

አዛናው፦ እና ልታዋርጂኝ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ ደግሞ ሌላም አለ። ያን ሁሉ ዘር ዳር ሳትተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘርተኸዋል። ለትሉ የሚሆን አንድ መስመር የለህም። ሁለቱንም ችሎ የሚያልፍ ትል አንድ ቀን ቢወጣ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ማሳ ነው። ይህንንም ሰዎቹ መስማት አለባቸው።

አዛናው፦ እኔ በምን አውቄ!

ማንጠግቦሽ፦ አለማወቅህንም ንገራቸው።

አዛናው፦ እኔ? እኔ ልንገራቸው?

ማንጠግቦሽ፦ ማን ይንገራቸው? መርጫውን አሁን እዚህ አስቀምጥ። ነገ ቅጠላቸውን ከቆረጡ በኋላ የቀረችኝን ጥቂት ፍሬ እረጫታለሁ። ያንተን ማሳ እኔና ልጆቼ እንለቅመዋለን፤ ሲደርስ አጥሩን ታነሳልናለህ።

አዛናው፦ ይኸው፣ አስቀመጥኩት። ማንጠግቦሽ... አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። አመንሽኝ? ለልጆቹ ብዬ እንዳደረግሁት አመንሽ?

ማንጠግቦሽ፦ አላውቅም።

አዛናው፦ በፈረደ ሞት!

ማንጠግቦሽ፦ በእሱ አትማል። ሰዎቹ ነገ ጠዋት መገንጠያው ላይ ከመኪና ይወርዳሉ። እኔ ልጆቹን ይዤ ከቤት የምነሣው ፀሐይ ስትወጣ ነው። ስደርስ አንተ ቀድመኸኝ ስትነግራቸው ካገኘሁህ፣ ለልጆቹ ብለህ ነው ያደረግኸው፤ አጎታችሁን ሳሙ እላቸዋለሁ። ስደርስ መንገዱ ላይ ከሌለህ ግን፣ ሰርቀኸኛል።